«ቱ ኤንድ ፍሮ»፦ «ፍሮ» ብቻውን የት ገባ?

በዚህች ጽሑፍ ስለ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ ሐረግ ላወጋችሁ ነው። ሐረጓ «ቱ ኤንድ ፍሮ» ትባላለች። ሁላችንም እናውቃታለን፤ «ወዲህና ወዲያ» ማለት ነው ብለን ደብተራችን ላይ ጽፈን አልፈናታል። እኔም አንድ ደብዳቤ እስኪያጋልጠኝ ድረስ እንደዚያው ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። የልጅቷን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፍን አንድ የውጭ አገር ድርጅት ነበር። ክፍያው ሲቋረጥ ሴትየዋ ጠሩኝና «አንተ እንግሊዝኛ ትማር የለ፣ እስቲ ለዋናው መሥሪያ ቤታቸው ጻፍልኝ ልጄ» አሉኝ። እሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። «ስምንት ወር ሙሉ ተመላለስኩ» አሉ። እኔም ሳላቅማማ ለስምንት ወር «ቱ ኤንድ ፍሮ» ሲሉ ነበር ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር በልቤ ኮርቼም ነበር፤ ጥሩ ሐረግ አገኘሁለት ብዬ። ከወር በኋላ የመጣው መልስ ግን አመልካቿ ስምንት ወር ከቦታ ቦታ ሲዘዋወሩ ከቆዩ ልጅቷ በዚያ ጊዜ ከማን ጋር ትኖር ነበር የሚል ጥያቄ ይዞ መጣ። እኒያን ምስኪን እናት ቤት የለሽ ተንከራታች አድርጌያቸው አረፍኩ።

ጥፋቱ የት ላይ እንደሆነ ለማወቅ መዝገበ ቃላት ስከፍት ነው እንግዲህ ወደዚህ ታሪክ የገባሁት።

መጀመሪያ «ቱ» የምትለዋን እንያት። እኛ «ቱ» ስንል መስተዋድዱ ነው ትዝ የሚለን፤ «ወደ» የሚለው፣ ከኋላው የቦታ ስም የሚፈልገው። እዚህ ሐረግ ውስጥ ያለችው «ቱ» ግን ተውሳከ ግሥ ናት። እንግሊዞች በሩን ገጭ አድርጎ መዝጋትን ሲናገሩ «በሩን ቱ ግፋው» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ራሱን ስቶ የነበረ ሰው ሲነቃም «ቱ መጣ» ይላሉ። በእነዚህ ሁሉ «ቱ» ብቻዋን ቆማ አቅጣጫ ታሳያለች እንጂ «ወደ የት?» ለሚለው መልስ አትሰጥም። ስለዚህ «ቱ ኤንድ ፍሮ» ማለት መድረሻ የሌለው እንቅስቃሴ ነው። የግድግዳ ሰዓት ዘንግ ሲወዛወዝ፣ ሰው አሳብ ይዞት ክፍሉ ውስጥ ሲንጎራደድ፣ የሸማኔ መወርወሪያ በድሩ መሀል ሲከንፍ ማለት ነው። በዚህና በዚያ መካከል ብለን ካልጨመርንበት በስተቀር ቢሮም ቀበሌም አይታወቀውም። (መወርወሪያን ካነሳሁ አይቀር፣ እንግሊዞቹ ለዚያው ዕቃ ያላቸው «ሻትል» የሚለው ቃል በጥንቱ እንግሊዝኛ ተወርዋሪ ጦር ወይም ቀስት ማለት ነበር። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ነገር ማየታቸው ይገርማል። ዛሬ ሰው የሚያመላልሰውን አውቶቡስ «ሻትል» የሚሉትም ከሽመናው ወስደው ነው።)

«ፍሮ»ስ? እሷማ ብቻዋን የትም አትገኝም። «ከቤት መጣሁ» ለማለት «ፍሮ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ቢኖር መምህሩ «ኤም» ጎድሏል ብሎ በቀይ ያርመዋል። የሚገርመው ግን መምህሩ «ኤም»ን ሲጨምር የፊደል ግድፈት ያረመ ቢመስለውም በተግባር አንዱን ቃል በወንድሙ መተካቱ ነው። ምን ለማለት እንደፈለግኩ ላስረዳ።

የጥንቱ እንግሊዝኛ «ከ» የሚለውን «ፍራም» ወይም «ፍሮም» ይለው ነበር። ከዚያ ቫይኪንጎች መጡ። በ793 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የሊንዲስፋርንን ገዳም ዘረፉ፤ በ865 ለዘረፋ ሳይሆን ለመያዝ የመጣ ትልቅ ጦር ገባ፤ በ878 ንጉሥ አልፍሬድ ኤዲንግተን ላይ ካሸነፋቸው በኋላ እንኳ ተጠራርገው አልወጡም። የእንግሊዝ ሰሜንና ምሥራቅ ብዙው ክፍል በዴኖች ሕግና ልማድ ሥር ቆየ። ከ1016 እስከ 1035 ደግሞ ክኑት የሚባል የዴን ሰው ራሱ የእንግሊዝ ንጉሥ ነበር። ጦርነቱ ሲበርድ ሰዎቹ አብረው አረሱ፣ ተጋቡ፣ ገበያ ላይ ተገናኙ። ቋንቋቸው ደግሞ ቅርብ ዘመዳሞች ስለነበሩ በግማሽ ይግባባሉ። ዛሬ እንግሊዝኛ ብለን የምንማራቸው «ስካይ»፣ «ናይፍ»፣ «ዊንዶው»፣ «ሎው»፣ «ሀዝባንድ»፣ «ቴክ» ከእነዚሁ ሰሜኖች የመጡ ናቸው። «እነሱ» የሚለው «ዜይ» እንኳ ሳይቀር! አንድ ቋንቋ ተውላጠ ስም መበደሩ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰዎቹ ምን ያህል ተዋሕደው እንደኖሩ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሰሜኖቹ ታዲያ «ከ» ለማለት «ፍራ» ነበር የሚሉት። ከእንግሊዞቹ «ፍራም» ጋር ከአንድ ጥንታዊ ሥር የተወለደ ነው፤ ወንድሙ ያልኩት ለዚህ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ሰዎች «ፍራ» ማለት ጀመሩ። ቃሉ ወደ ደቡብ ሲወርድ ድምፁ ተለወጠ፤ በደቡብ ረጅሙ «አ» ወደ «ኦ» ይቀየር ነበርና «ሃም» የነበረው ቤት «ሆም»፣ «ስታን» የነበረው ድንጋይ «ስቶን» እንደሆነው ሁሉ «ፍራ»ም «ፍሮ» ሆነ። ሰሜኑ ግን አልተለወጠም። በስኮትላንድ እስከ ዛሬ ቤትን «ሄም»፣ «ከ»ን ደግሞ «ፍሬ» የሚሉ አሉ፤ ሮበርት በርንስም ግጥሞቹን በዚያው አነጋገር ነው የጻፈው። ስለዚህ «ፍሮ» ሞታለች ስንል ኤዲንብራ ያለው ሰው ቢሰማን ይስቅብናል።

በ1400 ያረፈው ቾሰር «ፍሮ»ን ያለ አንዳች እፍረት ብቻዋን እንደ መስተዋድድ ይጠቀምባታል። እንግዲህ «ፍሮም»ም «ፍሮ»ም በአንድ ቋንቋ ውስጥ፣ በአንድ ትርጉም፣ ለአንድ ሥራ ተቀጥረው ነበር ማለት ነው። ቋንቋ እንዲህ ያለውን ትርፍ ብዙ አይታገሥም፤ አንዱ ይቀራል፣ አንዱ ይሄዳል።

ይህ ትግል ምን ይመስል እንደነበር የምታሳይ አንዲት ጨዋታ አለች፤ የቋንቋ ታሪክ መምህራን ይወዷታል። የማተሚያ መሣሪያን በ1476 ወደ እንግሊዝ ያስገባው ዊልያም ካክስተን፣ በ1490 ባሳተመው «ኤኔይዶስ» መቅድም ላይ ያወጋታል። ወደ ዜላንድ ሊሻገሩ የተሳፈሩ ነጋዴዎች ነፋስ አጥተው በቴምዝ ወንዝ መውጫ አካባቢ ይቆማሉ። አንደኛው ከመርከቡ ወርዶ አንዲት ባለቤት ዘንድ ገብቶ እንቁላል ይጠይቃል፤ «ኤግስ» ብሎ። ሴትየዋ «እኔ ፈረንሳይኛ አልችልም» ትለዋለች። ሰውየው ተናደደ፤ እሱስ መቼ ፈረንሳይኛ ቻለና! በኋላ ሌላው «ኤይረን» ነው የሚፈልገው ሲላት ገባት። «ኤግስ» የሰሜኖቹ፣ «ኤይረን» የነባሩ እንግሊዝኛ ነው። አንድ አገር፣ አንድ እንቁላል፣ ሁለት ቃል። በእንቁላሉ ጉዳይ መጤው አሸነፈና «ኤይረን»ን ዛሬ የሚያውቀው የለም። በ«ፍሮም»ና በ«ፍሮ» ጉዳይ ግን ነባሩ አሸነፈ።

ታዲያ ለምን ጨርሳ አልጠፋችም? እኔ እንደሚመስለኝ ያዳናት ጓደኛዋ ነው። «ቱ ኤንድ ፍሮ» በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጥንድ ሆና ነበር፤ ጥንድ የሆነ ቃል ደግሞ ሰው ሳይተነትነው እንዳለ ነው የሚለው። «ኪዝ ኤንድ ኪን» ውስጥ ያለችውም «ኪዝ» እንደዚሁ ናት፤ ዱሮ የሚያውቁትን ሰውና አገር የምትሰይም ሙሉ ቃል ነበረች፣ ዛሬ ከጥንዷ ውጭ ቦታ የላትም። በእኛም አለ። «እንቶ ፈንቶ» ስንል «እንቶ» ምንድነው፣ «ፈንቶ»ስ? «ዘር ማንዘሩ» ስንልም «ማንዘር» ለብቻው ሲነገር እኔ በበኩሌ ሰምቼ አላውቅም። የሚገባን ግን ጥርት ብሎ ነው።

«ፍሮ» ሌላም አንድ ቦታ ተደብቃ ነበር። «ቱዋርድ» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ተቃራኒውን «ፍሮዋርድ»ን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ፊቱን ያዞረ፣ እምቢተኛ፣ አስቸጋሪ ማለት ነው። «ቱዋርድ»ም በዚያ ዘመን እሺ ባይ፣ ቅን የሚል ትርጉም ነበረው። ሼክስፒር «ዘ ቴሚንግ ኦፍ ዘ ሽሩ» በሚለው ቴአትሩ ሁለቱን ፊት ለፊት አቁሞ ይጫወትባቸዋል። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ምሳሌ ላይም ጠማማው ሰው «ፍሮዋርድ» ነው። (የፀጉር ስታይሏን «ፍሮ» ለምትሉኝ፣ ያቺ «አፍሮ» ተቆርጣ የመጣች ናት፤ ዝምድና የላቸውም።)

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ እንምጣ። «ፍሮ ኤንድ ቱ» የሚል እንግሊዝ የለም። ያኮቭ ማልኪኤል የሚባል የቋንቋ ሊቅ በ1959 እንዲህ ያሉትን «የማይገለበጡ ጥንዶች» ብሎ ሰየማቸው። ስሙ ይገባቸዋል፤ ግን የቃላቱ አሰላለፍ የግድ የእውነተኛውን ድርጊት ቅደም ተከተል አይከተልም። «ባክ ኤንድ ፎርዝ»ን ውሰዱ፤ «ባክ» መመለስ፣ «ፎርዝ» ወደፊት መሄድ ነው። ሰው ሳይሄድ እንዴት ይመለሳል? በዚህ በኩል የእኛው «ደርሶ መልስ» ቲኬት ይሻላል፤ መጀመሪያ ይደርሳል፣ ከዚያ ይመለሳል። «ወዲህና ወዲያ» ደግሞ ሲያሻን «ወዲያ ወዲህ» ይሆናል፣ ማንም አይቆጣንም።

ትርጉም ለሚማሩ ጓደኞቼ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ይኼ ይመስለኛል። በኢዮብ መጽሐፍ መጀመሪያ ሰይጣን ከወዴት መጣህ ሲባል በምድር ላይ ስዞር ነበር ይላል፤ ኪንግ ጄምስ ይህን በ«ቱ ኤንድ ፍሮ» ይገልጸዋል። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 12 ደግሞ ስለ ፍጻሜው ዘመን ሲነገር ብዙ ሰዎች «ቱ ኤንድ ፍሮ» ይሮጣሉ፣ እውቀትም ይበዛል ዓይነት ነገር አለ። የዕብራይስጡ ግሥ በሁለቱም ቦታ ከአንድ ሥር ነው። እንግሊዝኛውን ያነበቡ ብዙ ሰባኪዎች ይህቺን ጥቅስ ስለ ባቡርና አውሮፕላን የተነገረች አድርገው ተርጉመዋታል። ፈላስፋው ፍራንሲስ ቤከን በ1620 ባሳተመው መጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ የላቲኑን ቃል ከመርከብ ሥዕል ሥር አስቀምጦ ስለ ሳይንስ ግኝት አደረጋት። በብዙዎቻችን ቤት ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ኢዮብ ላይ መዞርና መመላለስ ሲል፣ ዳንኤል ላይ ሰዎቹ ይመረምራሉ ነው የሚለው። ባቡርም አውሮፕላንም የለም! ዓይን በገጽ ላይ ወዲያ ወዲህ ማለቱን ነው ያየው። ተርጓሚዎቹ ለአንድ ሥር አንድ ቃል ብለው ድርቅ አላሉም፤ እዚያ ቦታ ላይ ምን ማለቱ ነው ብለው ጠየቁ። እኔ ደብዳቤው ላይ ያላደረግኩት ይህንኑ ነው።

ምክንያቱም «ተመላለስኩ» ወዲህ ወዲያ አልኩ ማለት ብቻ አይደለም። ግሡ «መለሰ» ነው፤ መሀሉ ላይ «ላ» ሲጨመርበት መሄድና መመለሱ ይደጋገማል። የቃል ሲሆን «ቃለ ምልልስ» ይወጣዋል፤ የእግር ሲሆን ደግሞ፣ በተለይ ቢሮ ከሆነ፣ «ነገ ና» መባልን፣ የታክሲ ብርን፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ መዋልን ሁሉ ይዟል። «ተመላለስኩ» ሲባል አበሻ «አይ፣ አይዞዎት» ይላል። እንግሊዝኛው ወደዚህ ስሜት የሚቀርበው «ቱዪንግ ኤንድ ፍሮዪንግ» ሲሆን ነው፤ እሱ ውስጥ የከንቱ ድካም ሽታ አለ። እሱም ቢሆን ግን ማን እንዳደከመ አይናገርም።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ስጽፍ ሐረጉን ሁሉ ተውኩትና «እማማ፣ ስንት ጊዜ ሄዱ?» አልኳቸው። መጀመሪያ «እንዴ! ማን ቆጥሮት» አሉ። ከዚያ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር፤ የመስቀል ማግስት አንድ፣ ልጅቷ ያመማት ጊዜ ሁለት፣ ጸሐፊዋ ወልዳ ቢሮው የተዘጋ ዕለት ሦስት፣ እያሉ። 14 ሆነ። እኔም ከመስከረም እስከ ሚያዝያ 14 ጊዜ ወደ ቅርንጫፍ ቢሯችሁ ሄደው 14 ጊዜ ያለ መልስ ተመልሰዋል ብዬ ጻፍኩ። ክፍያው ተለቀቀ። በመጀመሪያው ደብዳቤ ሰበብ ግን የአንድ ሴሚስተሩ አምልጧት ነበር።