ያውቁ ኖሯል? የቶንሲል መዘዝ ከልብ ይደርሳል

በልጅነት ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የልብ ቫልቭን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ካልታከመ፣ ባክቴሪያውን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ በአንዳንድ ልጆች ላይ ዞሮ የገዛ ልባቸውን ያጠቃል። በአገራችንም ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው ሩማቲክ የልብ ሕመም መነሻው ይኸው ነው። ሕመሙ ምልክት ሳያሳይ ከተደረሰበት ግን ሊገታ ይችላል። ለዚህ ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከኡጋንዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ጥናት፣ ሕመሙ በልብ አልትራሳውንድ ብቻ የታየባቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 818 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ተወጋ። ከ2 ዓመት በኋላ ሕመሙ የተባባሰባቸው ከተወጉት 0.8 በመቶ፣ ካልተወጉት 8.2 በመቶ ነበሩ።

«ሳይወጉም አብዛኞቹ ካልተባባሰባቸው፣ ጤነኛ የሚመስል ልጅ ለምን በየወሩ ይወጋል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ይሁንና የትኛው ልጅ እንደሚባባስበት አስቀድሞ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም፤ ክፉኛ የተበላሸ ቫልቭንም ፔኒሲሊን አይጠግነውም። የአለርጂ ስጋትም እውነት ነው፤ በጥናቱ ከመርፌው ጋር የተያያዘ ከባድ ችግር የገጠማቸው ግን ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው። መርፌው በጤና ባለሙያ እጅ መሰጠት ያለበትም ስለዚህ ነው። ለጉሮሮ ሕመም ተብሎ እንጥል ማስቆረጥ ግን ከልብ ሕመሙ አያድንም። ልጅዎን ጉሮሮው ሲያመው «ያልፍለታል» ብለው አይተዉት፤ ጤና ጣቢያ ወስደው ያስመርምሩት።