ቅማልና መዥገር ስለሚያመጡት የግርሻ በሽታ

አንድ ሰው በብርቱ ትኩሳትና በራስ ምታት ተይዞ አምስት ወይም ስድስት ቀን ከተኛ በኋላ፥ በድንገት አልቦት ትኩሳቱ ሲለቀው ቤተ ዘመዱ «ተመስገን፥ ዳነ» ብሎ ይደሰታል። ሳምንት ያህል ቈይቶ ግን ያው ትኩሳት ተመልሶ ይጥለዋል። ሕዝባችን በሽታውን ግርሻ ብሎ የሰየመው በዚሁ ጠባዩ ነው።

የበሽታው ምክንያት ቦሬሊያ የሚባል፥ እንደ ተጠማዘዘ ክር ያለ፥ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ተሐዋሲ ነው። በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪቃ ከሚገኙት ዓይነቶች አንዱን የሚያስተላልፈው፥ በጭቃ ቤት ወለልና ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር መዥገር ነው። ይህ መዥገር በከብት ላይ ተጣብቆ ቀናት እንደሚቈየው አይደለም፤ ሌሊት የተኛውን ሰው ነክሶ፥ ጠግቦ ወደ ስንጥቁ ስለሚመለስ፥ ብዙ ሰው መነከሱን እንኳ አያውቅም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆሴፍ ዱተን ይህን ሲመረምሩ በራሳቸው ላይ በሽታው ደርሶባቸው በ1905 እ.ኤ.አ. በኮንጎ ሞቱ፤ ተሐዋሲውም በስማቸው ተጠራ።

በአገራችን በይበልጥ የታወቀው ግን በልብስ ቅማል የሚተላለፈው ነው። የሚተላለፍበትም መንገድ በአብዛኛው ንክሻው ሳይሆን፥ ቅማሉ በጥፍር ሲጨፈለቅ ወይም ሰው ሲያክ ተሐዋሲው ከቅማሉ አካል ወጥቶ በተቧጨረ ቆዳ ሲገባ ነው። ስለዚህ ቅማልን በጥፍር የመግደል ልማድ፥ ምንም ያህል የቈየ ቢሆን፥ መተው ይገባዋል። ልብስን በፈላ ውሃ መቀቀል፥ ስፌቱንም በጋለ ካውያ መተኰስ እጅግ ይሻላል።

መድኀኒቱ የታወቀ ነው፤ ፔኒሲሊን፥ ቴትራሳይክሊን ወይም ዶክሲሳይክሊን ይሰጣል። ለቅማሉ ግርሻ ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ መስጠት ሲበቃ፥ ለመዥገሩ ግን ከሳምንት ያላነሰ ሕክምና ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። መድኀኒቱ በተሰጠ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ በሽተኛው በኃይል ይንቀጠቀጣል፥ ትኩሳቱም ከቀድሞው ይልቅ ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ ላብ ያጠምቀዋል፥ የደሙም ግፊት ይወርዳል። ይህን ያየ ዘመድ «መርፌው ገደለብን» ብሎ በሽተኛውን ተሸክሞ ወደ ቤት ሊወስድ ይነሣ ይሆናል። ነገሩ ግን ተሐዋስያኑ በአንድ ጊዜ በብዛት ሲያልቁ በሰውነት ውስጥ የሚነሣ ሁከት ነው። ያሪሽና ሄርክስሃይመር የተባሉ ሐኪሞች ስለ ገለጡት በስማቸው ይጠራል፤ አጠራሩ ለምላሳችን ቢከብድም፥ ነገሩን ማወቅ ነፍስ ያድናል። አንዳንዱ በሽተኛ በእነዚሁ ሰዓቶች ሊሞት ስለሚችል፥ ከሐኪም ቤት ሳይወጣ፥ ተኝቶ፥ ፈሳሽ እየተሰጠውና እየተጠበቀ መቈየት አለበት። ወደ መጸዳጃ ቤት እንኳ ብቻውን ተነሥቶ መሄድ የለበትም።

ሁለተኛው ችግር በሽታዎች ተደርበው መምጣታቸው ነው። ያው የልብስ ቅማል ታይፈስ የተባለውን ተስቦ ደግሞ እንደሚያስተላልፍ ሻርል ኒኮል በ1909 እ.ኤ.አ. በቱኒስ አረጋግጠዋል። ከቈላ የመጣ ሰው ከግርሻው ጋራ ወባም ሊኖርበት ይችላል። እንግዲህ ፔኒሲሊን የግርሻውን ተሐዋሲ ሲያጠፋ ታይፈሱን አይነካውም፤ ዶክሲሳይክሊን ለሁለቱም ይሠራል፤ ወባው ግን የራሱን መድኀኒት ይሻል። አንዲት የደም ጠብታ በማይክሮስኮፕ ስትታይ የወባንም የግርሻንም ተሐዋሲ ልታሳይ ትችላለች፤ ታይፈስ ግን በዚህ መንገድ አይታይም። በ2015 እ.ኤ.አ. ከአፍሪቃ ቀንድ ተሰደው አውሮጳ በደረሱ ወጣቶች ላይ ግርሻ ሲገኝ፥ ሐኪሞቹ ወባን ሲፈልጉ ያንን ጠምዛዛ ክር ያገኙባቸው በሽተኞች ነበሩ። ስለዚህ አንዱ በሽታ ተገኘ ማለት ሌላው የለም ማለት አይደለም።

ከሕክምናው በኋላ ትኩሳቱ በሁለት ቀን ውስጥ ካልበረደ፥ ከመድኀኒት መሸጫ ሌላ ክኒን ከመግዛት ይልቅ ወደ ሐኪሙ መመለስ ይገባል። መምህራንም ትኩሳት ለቆት ትምህርት ቤት ከተመለሰ በኋላ እንደገና የወደቀ ተማሪ ሲያዩ፥ ወላጆቹ ለሐኪሙ የሚነግሩትን ጽፈው ቢሰጧቸው መልካም ነው፤ ይኸውም የመጀመሪያው ትኩሳት በየትኛው ቀን እንደ ጀመረና እንደ ለቀቀ፥ ልጁ በቅርቡ ወደ ቈላ ወርዶ እንደ ሆነ፥ ከማን ጋራና በምን ዓይነት ቤት እንደሚተኛ፥ እስካሁንም የትኛውን መድኀኒት እንደ ወሰደ ነው።