ውሃ የሌለበት ዓሣ ማጥመድ

የጃፓኑ ሴጋ ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ያወጣው «ጌት ባስ» የተባለው የመጫወቻ ማሽን የማጥመጃ ዘንግ ተሠርቶለታል። ተጫዋቹ በቴሌቪዥኑ መስኮት ወደሚታየው ሐይቅ መንጠቆውን ይወረውራል፤ ዓሣው ሲነክስ ዘንጉ በእጁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ክሩን በችኰላ ከጠመጠመ ይበጠስበታል። እጅን የሚያታልል ብልሃት ነው። ነገር ግን በሳንቲም የሚሠራ ማሽን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ደንበኛ አይወድምና፥ የአጥማጁን ዋና ሙያ፥ ትዕግሥትን፥ አስቀርቶታል።

እኔ አንድን ጨዋታ «ዓሣ ማጥመድን ይመስላል» የምለው ባዶ እጅ የመመለስ ሥጋት ሲኖርበት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ለኮምፒዩተር የቀረበው «ፊሺንግ ፕላኔት» ይህን ሥጋት መልሶታል። የቀኑ ሰዓት፥ የአየሩ ጠባይ፥ የመንጠቆው መጠን ሁሉ ይታሰባል፤ ለዓሣው የማይስማማ ምግብ የሰካ ተጫዋች ተንሳፋፊው ላይ እንዳፈጠጠ ይመሽበታል። ቢነክስለትም ክሩ ከአቅሙ በላይ ከተሳበ ይበጠሳል፤ መንጠቆውም ከዓሣው ጋር ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ በጨዋታው ገንዘብ ሌላ መግዛት ነው።