መረብና መድፍ የጫነችው ጀልባ

በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ ላይ ሎውስቶፍት የምትባል፣ በዓሣ አጥማጆቿ ትታወቅ የነበረች ከተማ አለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከዚህች ወደብ የሚወጡ አንዳንድ ጀልባዎች ሁለት ሥራ ደርበው ይሠሩ ነበር። መረባቸውን ጥለው ዓሣ ያጠምዳሉ፤ የጠላት ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ብቅ ካለ ደግሞ ደብቀው በያዙት መድፍ ይዋጋሉ። ከእነዚህ ጀልባዎች አንዷ «ኔልሰን» ነበረች። እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1917 በጀርመን ባሕር ሰርጓጅ ተመትታ ስትሰጥም ካፒቴኗ አብረዋት ሰጠሙ፤ ዘጠኙ ባልደረቦቻቸው ግን ተረፉ።

የአካባቢው ሰዎች እንዲህ ያለችውን ጀልባ «ስማክ» ይሏት ነበር። አካሏ እንጨት ነው፤ የምትሄደውም ሁለት ምሰሶዎቿ ላይ በተወጠረ ሸራ ነው። ከኋላዋ በወፍራም ገመድ የታሰረ እንደ ከረጢት ያለ ትልቅ መረብ የባሕሩን ወለል እየጠረገ ይከተላታል። የመረቡን አፍ ከፍቶ የሚይዘው ረጅም አግዳሚ እንጨት ነው። መረቧ ውኃ ውስጥ ሳለ ስማኳ ማረሻ እንደሚጎትት በሬ ናት፤ እንዳሻት መዞርም ሆነ መፍጠን አይሆንላትም። መረቡን ጎትቶ ማውጣትም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ አደጋ ከመጣ ያለው አማራጭ ገመዱን ለቆ መረቡን ባሕር ውስጥ መተው ብቻ ነው።

ከጦርነቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1907 በሔግ የተፈረመ ስምምነት በጠረፍ አካባቢ ዓሣ ብቻ የሚያጠምዱ ጀልባዎች በጦርነት ጊዜ እንዳይያዙ ደንግጎ ነበር። ድንጋጌው ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ጀልባዋ በማናቸውም መንገድ በውጊያ ከተሳተፈች ከለላው ይቀርባታል። ከጠረፍ ራቅ ብለው የሚያጠምዱት የሎውስቶፍት ስማኮች እ.ኤ.አ. በ1915 በጀርመን ባሕር ሰርጓጆች ክፉኛ ተጠቁ። ባሕር ሰርጓጁ ከውኃው ይወጣና አጥማጆቹን ወደ ትንሿ ጀልባቸው እንዲወርዱ ያዛል፤ ከዚያ ስማኳ ላይ ፈንጂ አጥምዶ ያሰጥማታል። ውድ ቶርፔዶ ማባከን አላስፈለገውም።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለዚህ ያበጀው መላ የተወሰኑ ስማኮችን በድብቅ ማስታጠቅ ነበር። 3 ፓውንድ የሚመዝን ጥይት የምትተኩስ ትንሽ መድፍ ተተከለችባቸው፤ የባሕር ኃይል ተኳሽም ተመደበላቸው። ጠላት እንዳይለያቸው ስማቸው ይቀየር ነበር፤ «ኔልሰን»ም ቀድሞ «ጂ ኤንድ ኢ» ትባል ነበር። መላው መጀመሪያ ላይ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1915 «ኢንቨርላየን» የተባለችው ስማክ ምንም ሳይጠረጥር የተጠጋትን ዩቢ-4 የተባለ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ ከነሠራተኞቹ አሰጥማለች።

እንዲህ ያለው ድንገተኛ ጥቃት የሚሠራው ግን ጠላት እስኪነቃበት ድረስ ነው። የነቃ ባሕር ሰርጓጅ ስማክን ባየ ቁጥር መድፍ ይጠረጥራል፤ ከመጠጋት ይልቅ ከሩቅ ይተኩሳል። ራሷ «ኢንቨርላየን» እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1917 ሰጠመች። ወታደር ሳይሆን ውጊያ የገባ ባሕረኛ ቢማረክ ምን ሊደርስበት እንደሚችልም ታይቷል። ባሕር ሰርጓጅን በመርከባቸው ሊገጩ ሞክረዋል የተባሉት የንግድ መርከብ ካፒቴን ቻርልስ ፍራያት እ.ኤ.አ. ጁላይ 27 ቀን 1916 በጀርመኖች ተረሽነዋል። መድፏ ለአጥማጁ መከላከያ ሆና ብትመጣም አጥማጅነቱ የሚሰጠውን ከለላ ገፋዋለች።

«ኔልሰን» ላይ የሆነው ይህን ያሳያል። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው፤ መረቡ ተጥሏል። ካፒቴን ቶማስ ክሪስፕ ከታች ሆነው ዓሣ ያሽጋሉ፤ አንዱ ባልደረባ ላይ ሆኖ ለማግስቱ ቁርስ የሚሆን ዓሣ ያጸዳል። ክሪስፕ ወደ ላይ ሲወጡ አድማሱ ላይ አንድ ነገር አዩ፤ መነጽር አስመጥተው ተመለከቱና ባሕር ሰርጓጅ መሆኑን ጮኸው ተናገሩ። ወዲያው የመጀመሪያው ጥይት አጠገባቸው ወደቀ። ዓሣ ያጸዳ የነበረው ሰው የያዘውን ጥሎ ወደ ጥይቱ ማከማቻ ሮጠ። ሌሎቹ የመረቡን ገመድ ለቀቁት፤ ከመልቀቃቸው በፊት ግን ጫፉ ላይ ተንሳፋፊ ምልክት አሰሩበት። ተመልሰው መረባቸውን ሊያወጡ አስበው ነበር ማለት ነው።

ባሕር ሰርጓጁ ዩሲ-63 የነበረበት ርቀት ለ«ኔልሰን» መድፍ የማይደረስ ነበር፤ የእሱ ጥይት ግን ይደርስ ነበር። ከተተኮሱት አንዱ ጀልባዋን ከውኃው መስመር በታች ቀደዳት። ሌላው ክሪስፕን ክፉኛ መታቸው። ልጃቸው ቶም፣ በዚያችው ጀልባ ላይ የሚሠራ ወጣት፣ መሪውን ጨበጠ። ክሪስፕ አእምሯቸውን አልሳቱም። የምስጢር ሰነዶቹ ወደ ባሕር እንዲጣሉ አዘዙ፤ መልእክት አስጽፈውም በእርግብ አስላኩ። መልእክቷ አጭር ነበረች፤ እየተጠቃን ነው፣ ካፒቴኑ ተገድሏል፣ ቦታው ጂም ሃው ባንክ ነው፣ ቶሎ እርዳታ ላኩ የምትል። ገና በሕይወት ሳሉ ራሳቸውን ከሞቱት ቆጥረው ሌሎቹ እንዲተርፉ አመቻቹ። ጥይቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሰዎቻቸው ጀልባዋን ለቀው እንዲወጡ አዘዙ። እሳቸውን ማንቀሳቀስ አልተቻለም፤ ከ«ኔልሰን» ጋር ሰጠሙ።

ዘጠኙ ሰዎች ትንሿ ጀልባ ላይ ሆነው ሌሊቱን ቀዘፉ። ሲነጋ ነፋሱ በረታና ከመንገዳቸው አስወጣቸው። አንድ ሱሪና ሰፋ ያለ የዝናብ ልብስ ቁራጭ ሁለት መቅዘፊያ ላይ አስረው ሰው እንዲያያቸው ከፍ አድርገው ያዙ። አንዴ አንድ መርከብ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የፈንጂ ጠራጊ መርከቦች ቡድን ታያቸው፤ ሁሉም ሳያዩዋቸው አለፉ። ሁለተኛውንም ሌሊት ቀዝፈው አነጉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባሕሩ ላይ አንድ የመርከብ መንገድ ጠቋሚ ተንሳፋፊ አገኙና ጀልባቸውን አሰሩበት። «ሬድ ኮክ» የተባለችው እርግብ ደግሞ መልእክቱን ሎውስቶፍት አድርሳ ነበር። ፍለጋ የወጣችው «ድራያድ» የተባለች የባሕር ኃይል መርከብ በዚያው ቀን ከተንሳፋፊው ላይ አነሳቻቸው።

ከ«ኔልሰን» ጋር አብራ የወጣችው የታጠቀች ስማክ «ኤቴል ኤንድ ሚሊ» ግን ዕጣዋ ሌላ ነበር። ሰባቱ ሰዎቿ ተማርከው ባሕር ሰርጓጁ ላይ ወጡ። የ«ኔልሰን» ሰዎች ከሩቅ ሆነው ለመጨረሻ ጊዜ ሲያዩዋቸው እዚያው ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። ከዚያ በኋላ ወሬያቸው አልተሰማም። ዩሲ-63 ራሱ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1917 በእንግሊዝ ባሕር ሰርጓጅ ተመትቶ ሰጠመ።

ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ የ«ኔልሰን»ን ታሪክ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1917 በፓርላማ ተናገሩት። ለክሪስፕ የእንግሊዝ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳልያ የሆነው ቪክቶሪያ ክሮስ ተሰጣቸው፤ ከንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ እጅ የተቀበለው ልጃቸው ነው። ክብሩ ይገባቸዋል፤ ጀግንነታቸውን ስናወሳ ግን ዘጠኙን ሰዎች ወደ ቤታቸው የመለሰው ምን እንደነበር ለይተን ማየት አለብን። መድፏ እስከ ጠላት አልደረሰችም። የደረሰችው እርግቧ ናት፤ ክንዳቸውን በመቅዘፊያ ያጠነከሩ ባሕረኞችም ሁለት ሌሊት ጸንተዋል። በቆሰሉበት ሰዓት ከመበቀል ይልቅ ሰዎቻቸውን ማውጣት ያስቀደሙት የካፒቴኑ ትእዛዝ ደግሞ ሁለቱን አገናኝቷል። የ1907ቱ ድንጋጌም ይህን ታሪክ ካየን በኋላ ተራ ወረቀት መስሎ አይታየንም፤ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ከጦርነቱ ውጭ ሊሆን ይገባዋል። ይህን ከለላ ጠላት ሲነፍገው፣ ወገን ደግሞ መድፍ ሲያስታጥቀው፣ መሸሻ የሚያጣው አጥማጁ ነው።