«እኔን አይመስልም»
የጥንት ቻይና ነገሥታት አልጋቸውን ለማን ይተዉ ነበር?

አባት ከልጆቹ አንዱን ለይቶ «ይሄ እኮ ቁርጥ እኔን ነው» ሲል ሁላችንም ሰምተናል። ለአባትየው ጨዋታ ነው፤ ሌሎቹ ልጆች ግን ይሰሙታል። ሰሞኑን ስለ ጥንት ቻይና ነገሥታት ሳነብ ይኸው አነጋገር ሁለት ሺህ ዓመት ተሻግሮ ገጠመኝ። እዚያ ግን የሰው ሕይወት አስከፍሏል።

አስቀድሜ ሥርዓቱን ላስረዳ። በሻንግ ነገሥታት ዘመን ዙፋኑ ብዙ ጊዜ ከወንድም ወደ ወንድም ይተላለፍ ነበር። ከእነሱ ቀጥለው የነገሡት ዦዎች ግን አንድ ደንብ አጸኑ፦ የሚወርሰው ከዋናዋ ሚስት የተወለደው የመጀመሪያው ወንድ ልጅ ነው። እሷ ወንድ ካልወለደች ነው ወደ ሌሎቹ ሚስቶች ልጆች የሚታየው፤ ያኔም ከልጁ ዕድሜ የእናቱ ማዕረግ ይቀድማል። ብልህ ነው፣ ጀግና ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለእኛ ጆሮ ግፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ችሎታ ያከራክራል፣ ማን ቀድሞ እንደተወለደ ግን አያከራክርም። ችግሩ አልጋ ወራሹን የሚሰይመው አባትየው ራሱ መሆኑ ነው። የሰየመ ደግሞ መሻር ይችላል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለሆኑ ወደ ታች እየቀነሱ ይሄዳሉ።)

በ221 ቻይናን በአንድ ዘውድ ሥር ያጠቃለለው ቺን ሺ ኋንግ ራሱን «የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት» አለ። ተተኪዎቹም ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እየተባሉ እስከ አሥር ሺህ ትውልድ እንዲቆጠሩ አዘዘ። አሥር ሺህ ትውልድ ያሰበው ሰው ግን አልጋ ወራሽ ሳይሰይም ኖረ፤ ስለ ሞት ሲነሳ መስማት አይወድም ነበር። ታላቅ ልጁን ፉሱን፣ የአባቱን ጭካኔ ስለተቃወመ፣ ወደ ሰሜን ድንበር ልኮታል። በ210 በጉዞ ላይ ሳለ ሲታመም ነው ፉሱ መጥቶ ቀብሩን እንዲያስፈጽም ደብዳቤ ያስጻፈው። ደብዳቤው ታተመ፤ ሳይላክ ግን ንጉሡ ሞተ።

የታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን እንደሚለው፣ ማኅተሙን የያዘው ዣኦ ጋኦ ከሚኒስትሩ ከሊ ሲ ጋር ተማከረና ፉሱ ራሱን እንዲገድል የሚያዝ ሌላ ደብዳቤ በንጉሡ ስም ላኩ። ሞቱ እንዳይታወቅ፣ የአስከሬኑን ሽታ ለመሸፈን ጨው የተነሰነሰ ዓሣ በሠረገላ ጭነው ተጓዙ። ድንበር ላይ የነበረው የጦር አዛዥ መንግ ቲየን ፉሱን «መጀመሪያ እናጣራ» ብሎ ለመነው። ፉሱ አባት ልጁን ሙት ካለ ምን ይጣራል ብሎ ትእዛዙን ፈጸመ። ታናሹ ሁሃይ ነገሠ፤ ወንድሞቹንና እህቶቹን አስፈጀ። በ206 ያ አሥር ሺህ ትውልድ የተቆጠረለት መንግሥት አልነበረም።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን ቀጥሎ የመጣው የሃን መንግሥት መሥራች የሊዩ ባንግ ቤት ነው። ሰውየው ከገበሬ ቤት የወጣ ነው። ሚስቱ እቴጌ ሉም በድህነቱ ዘመን ልጆቿን ይዛ እርሻ ስታርም የነበረች ሴት ናት። በጦርነቱ ከአማቷ ጋር በጠላት እጅ ወድቃ ሁለት ዓመት ያህል ታግታለች። በዚያው ጦርነት ሊዩ ባንግ ተሸንፎ ሲሸሽ ሠረገላው እንዲቀልለት ልጁን ሊዩ ዪንግንና እህቱን ገፍትሮ ይጥላቸው፣ ሠረገላ ነጂው ደግሞ እየወረደ ያነሳቸው ነበር ይባላል። ዘውድ ሲጫን አልጋ ወራሽ የሆነው ይኸው የተጣለው ልጅ ነው።

ሊዩ ዪንግ ገርና ርኅሩኅ ነበር። አባቱ «እኔን አይመስልም» ይል ጀመር። «እኔን የሚመስለው» የሚያፈቅራት የዕቁባቱ የወይዘሮ ቺ ልጅ፣ ሩዪ ነው። ወይዘሮ ቺም ልጇ እንዲተካ ሌት ተቀን ታለቅስ ነበር። ሹማምንቱ ደነገጡ። ዦው ቻንግ የተባለው ኮልታፋ ሹም በንዴት ቃሉ እየተያዘ ይህ አይሆንም ብሎ ንጉሡን ፊት ለፊት ተቃወመ፤ ከጎን ክፍል ሆና ስታዳምጥ የነበረችው እቴጌ ወጥታ ተንበርክካ አመሰገነችው። የአልጋ ወራሹ መምህር ሹሱን ቶንግ ደግሞ የፉሱን ታሪክ አነሳ፦ ቺን የጠፋው ወራሹን በጊዜው ባለመሰየሙ ነው አለ። ንጉሡ ቀልዴን ነው ብሎ አለፈው። ቀልዱን ግን አልነበረም።

በመጨረሻ ነገሩን የቆረጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ከሰማንያ ዓመት ያለፉ አራት ጠቢባን ነበሩ፤ ሊዩ ባንግ ለዓመታት ቢጠራቸው ይሳደባል ብለው ተራራ ላይ ተሸሸጉበት። እቴጌይቱ በብልሁ አማካሪ በዣንግ ሊያንግ ምክር ለልጇ አስመጣቻቸው። አንድ ቀን ግብር ላይ ንጉሡ ከልጁ ኋላ ጢማቸው የነጣ አራት አዛውንት ቆመው አየ። ለእኔ እምቢ ብላችሁ እንዴት ለልጄ መጣችሁ ሲላቸው፣ ልጅህ ሰው ያከብራል አሉት። ያኔ ተስፋ ቆረጠ። ወይዘሮ ቺን ጠርቶ ልጁ ክንፍ አውጥቷል፣ ከእንግዲህ አይነካም አላት። እሷ እያለቀሰች ጨፈረችለት፤ እሱ ዘፈነ።

ደንቡ አሸነፈ። የአባት ቃል ግን ቤት ውስጥ ቀርቶ ነበር። በ195 ሊዩ ባንግ ሞተ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ የሆነው ሊዩ ዪንግ ነገሠ። እናቱ ሩዪን ወደ ዋና ከተማው አስጠራችው። ወጣቱ ንጉሥ ነገሩ ገብቶት ታናሽ ወንድሙን ራሱ ወጥቶ ተቀበለው፤ አብሮት በላ፣ አብሮት ተኛ። ለወራት እናቱ መግቢያ አጣች። አንድ የክረምት ማለዳ ግን ንጉሡ ለአደን ወጣ፤ ትንሹ መነሳት አቅቶት ተኝቶ ቀረ። ሲመለስ ሩዪ በመርዝ ሞቶ አገኘው። ወይዘሮ ቺ ላይ የተፈጸመውን እዚህ አልጽፈውም። ልጇ እንዲያየው የወሰደችው እቴጌይቱ ራሷ ናት፤ አይቶ ታመመ፣ ወደ መጠጥ ዞረ፣ በ188 ገና ሃያዎቹን ሳያጋምስ ሞተ።

በእቴጌይቱ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ ግን ለዓመታት ልጇ ሲናቅ የሰማች፣ ባሏ ከሞተ የቁባቱ ልጅ ዙፋን ላይ ቢወጣ እሷና ልጇ ምን እንደሚገጥማቸው የምታውቅ ሴትም ይታየኛል። ጭካኔዋን አያቀልላትም፤ ፍርሃቱን ግን ያሳደረው ሊዩ ባንግ ነው።

ሹማምንቱም ተምረዋል። እሷ በ180 ስትሞት ወገኖቿን አጠፉና ከሊዩ ባንግ ልጆች ሊዩ ሄንግን አነገሡ። ከመረጡበት ምክንያት አንዱ የእናቱ ዘመዶች ጭምቶች መሆናቸው ነበር።

ከዚያ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ንጉሥ ዉም የራሱን ትምህርት ወሰደ። በ91 ታላቁን አልጋ ወራሽ በሐሰተኛ የአስማት ክስ ሳቢያ አጥቶ፣ ቆይቶ ንጹሕነቱ ሲገባው ልጁን የሚያስብበት አዳራሽ አሠራ። በስተርጅና ትንሹን ልጁን ፉሊንግን ሲመርጥ፣ እናቱ ሁለተኛ እቴጌ ሉ እንዳትሆን አስቀድሞ አስገደላት። በ87 ፉሊንግ ዘውድ ሲጭን ዕድሜው ስምንት ዓመት ገደማ ነበር።