ያውቁ ኖሯል? ጥንታዊ ቅርጽና የአትክልት ቦታ

ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያናችን ከተቀረጸ ምስል ይልቅ ለሥዕል ያደላ በመሆኑ፣ በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ የጥንት ጠራቢዎች ጥበብ የሚፈለገው በቆመ ሐውልት ሳይሆን በሕንፃ ድንጋይ ላይ ነው። በጥንቱ የአማራ ምድር ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት፣ በጥር 1513 ዓ.ም. ቅዳሴ ቤቱ ሲከበር ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በዓይናቸው ያዩት፣ በወርቅና በብር የተለበጠው መካነ ሥላሴ በ1524 ዓ.ም. በግራኝ አሕመድ ዘመቻ ተቃጥሏል፤ ኀዘኑ ዛሬም አልወጣልንም። ስለዚህ በማሳው የተጠረበ ጥንታዊ ድንጋይ ያገኘ ሰው፣ ድንጋዩ ታሪኩን የሚመሰክረው በተገኘበት ስፍራ ሳለ ነውና፣ ለአትክልቱ ጌጥ ብሎ ከማንሣት ይልቅ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያስታውቅ።

ደጁን ማስጌጥ የሚሻ ግን ከአገሩ ድንጋይ ጠራቢ አዲስ ያሠራ፤ ሲያቆመውም የማለዳ ፀሐይ ከጎኑ እየመታች የቅርጹን ጥልቀት በምታወጣበት አቅጣጫ፣ ከወይራው ጥላ ጥቂት አርቆ፣ ከሥሩ ጠጠር ደልድሎ ይሁን፤ በርጥብ አፈር ላይ የቆመ ድንጋይ ውኃ ይመጥጣልና፣ የኅዳር ውርጭ ሲመጣ ያ ውኃ በረዶ ሆኖ የድንጋዩን ፊት እንደ ቅርፊት ይልጠዋል።