በውሳኔውና በአውሮፕላኑ መካከል

ካይሮ ውስጥ ከጥገኝነት ጠያቂዎች ጋር የሚሠራ የሕግ ባለሙያ ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ አለ፤ «ሪጀክት ሆኛለሁ፤ ታዲያ ለምን ፍርድ ቤት አልከስም?» ጠያቂው ከሐዳየቅ ኤል መዓዲ ወይም ከአርድ ኤል ልዋ ሰፈር የመጣ ወገናችን ነው። አገሩ እያለ ቀበሌ ሲበድለው ወረዳ፣ ወረዳ ሲበድለው ፍርድ ቤት መሄድን ለምዷል። እኔ ደግሞ ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ፤ ማንን ነው የምትከሰው?

ግብጽ የ1951ዱን የጄኔቫ የስደተኞች ስምምነት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ከዚያ አስቀድማ በ1954 ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ጋር ተስማምታ ነበርና ለአሥርት ዓመታት መመዝገቡም፣ ኢንተርቪው ማድረጉም፣ ቢጫውን የጥገኝነት ጠያቂ ካርድና ሰማያዊውን የስደተኛ ካርድ መስጠቱም፣ መከልከሉም የዩኤን ሥራ ሆኖ ኖሯል። ዩኤን በ1946ቱ ስምምነት ያለመከሰስ መብት አለው። የግብጽ ዳኛ «ይህን ሰው ስደተኛ አይደለህም ማለትህ ስሕተት ነው» ብሎ ውሳኔውን ሊሽርበት አይችልም። በ30 ቀን ውስጥ የሚገባ አፒል አለ፤ የሚታየው ግን እዚያው ቤት ውስጥ፣ በሌላ ባለሙያ ነው። እሱም ካልተሳካ ፋይሉ ይዘጋል።

ፋይል ሲዘጋ ብዙ ሰው ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለዋል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ካርድ የከለከለው ዩኤን ነው፤ ከአገር ማስወጣት የሚችለው ደግሞ መንግሥት ነው። ለዳኛ በሩ የሚከፈተው በሁለተኛው በኩል ነው። በ1960 የወጣው የውጭ ዜጎች ሕግ ቁጥር 89 የማስወጣቱን ሥልጣን ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ይሰጣል። የሚኒስትር ውሳኔ የአስተዳደር ውሳኔ ነው፤ የአስተዳደር ውሳኔ ደግሞ በ1946 በተቋቋመው በመጅሊስ አል ዳውላ ሥር ባሉት የአስተዳደር ፍርድ ቤቶች ይታያል። የ2014ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 ማንኛውም የአስተዳደር ውሳኔ ከዳኝነት ቁጥጥር ውጭ እንዳይሆን ከልክሏል። አንቀጽ 93 ደግሞ አገሪቱ ያጸደቀቻቸው የሰብአዊ መብት ስምምነቶች እንደ ሕግ እንዲሠሩ ያዛል።

እዚህ ላይ ደንበኞቼ የማያውቁት፣ ጠበቆችም አንዳንዴ የሚዘነጉት ነጥብ አለ። ግብጽ ስምምነቱን ስትቀበል በአምስት ጉዳዮች ላይ ተቃውሞ አስመዝግባለች፤ ከእነዚህ ውስጥ ራሽን፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት፣ የመንግሥት ድጋፍና የሥራ ሕግ ይገኛሉ። ሰውን ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ ወደሚያሰጋው አገር አለመመለስን በሚደነግገው አንቀጽ 33፣ እንዲሁም ፍርድ ቤት የመቅረብን መብት በሚሰጠው የአንቀጽ 16 የመጀመሪያ ንዑስ ክፍል ላይ ግን ተቃውሞ ማስመዝገብ አይቻልም፤ ስምምነቱ ራሱ በአንቀጽ 42 ዘግቶታል። ያለመመለስ መብትና ዳኛ ፊት የመቅረብ መብት እኩል ከተቃውሞ ተጠብቀዋል ማለት ነው። በዚህ ላይ ግብጽ በ1986 ያጸደቀችው ፀረ ማሰቃየት ስምምነት አለ። እሱ «ስደተኛ ነህ ወይስ አይደለህም?» ብሎ አይጠይቅም፤ ቢመለስ የሚሰቃይ ከሆነ ማንንም ሰው ይጠብቃል። ስለዚህ «ፋይልህ ተዘግቷል» ማለት «ይመለስ» ማለት አይደለም።

ወረቀቱ ላይ ይህን ያህል የተሟላ መብት በሥራ ላይ የሚፈተነው በጥቃቅን ነገሮች ነው። አንደኛው ቀን ነው። አንድ ወጣት የምስክርነት ቃሉን ያስጻፈው ካፌ ተቀምጦ በገንዘብ ለሚጽፍ ሰው ነበር። ልጁ «ከኢሬቻው በኋላ ሸሸሁ፤ መስከረም 2009» ብሏል። ጸሐፊው በእንግሊዝኛ ሴፕቴምበር 2009 ብሎ አሰፈረው። ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ በዓል ያ ሁሉ ሰው ያለቀው መስከረም 22 ቀን 2009 ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2 ቀን 2016። ወረቀቱን ለሚያነብ የውጭ ሰው ግን ልጁ ገና ያልተፈጠረ ጉዳይ ከሰባት ዓመት አስቀድሞ የሚያወራ ውሸታም ሆነ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቤቴን ሰበሩት» ያለች እናት ቃሏ ተገልብጦ ሲመጣ ማታ ገና እራት ሳይነሳ የተደረገ ነገር ይመስላል። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ሲጻፍ ደግሞ አባትና ልጅ ባዕድ፣ ባልና ሚስት ያልተጋቡ ይመስላሉ።

ስለዚህ ከደንበኛ ጋር ስቀመጥ መጀመሪያ የማደርገው ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ማስመር ነው። በአንዱ ሰውየው በራሱ አቆጣጠር የተናገረውን ቀንና ሰዓት፣ በሌላው የአውሮፓውን እጽፋለሁ። አጠገቡ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን በዓል ወይም ክስተት አኖርበታለሁ። ይህ የጸሐፊ ሥራ ይመስላል እንጂ ዋናው የሕግ ሥራ ነው። በአስተዳደር ፍርድ ቤት ክርክሩ በአመዛኙ በጽሑፍ ነውና ዳኛው የሚያገኘው ሰውየውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ውሳኔው የቆመበት ፍሬ ነገር እውነት መኖሩን መመርመር ይችላል፤ መዝገቡ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ የተሳሳተ ቀን ግን እስከ መጨረሻው ድረስ አብሮ ይጓዛል።

ሁለተኛው የውሳኔው ወረቀት ነው። በ1972 የወጣው የመጅሊሱ ሕግ ቁጥር 47 ውሳኔን ለማሻር 60 ቀን ይሰጣል። ስልሳ ቀን በቂ ነው፤ ቆጠራው ከየት ይጀምራል የሚለው ነው የሚያስቸግረው። ፖሊስ ጣቢያ የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ በእጁ የጽሑፍ ውሳኔ የለውም። በቃል ሰምቷል፤ ወይም የአውሮፕላን ትኬት እንዲገዛ ለዘመዶቹ ሲነገር ነው ያወቀው። ሕጉ ለዚህም ቀዳዳ ትቷል፤ ባለሥልጣን በሕግ ሊወስን የሚገባውን ሳይወስን ሲቀር ዝምታውም እንደ ውሳኔ ይቆጠራል። ጥሩ ጠበቃ በዚህ በኩል ይገባል። ለመግባት ግን ውክልና ያስፈልጋል። ውክልና የሚመዘግበው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት፣ ሻህር ዓቃሪ፣ ብዙ ጊዜ ያላለፈ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ይጠይቃል፤ ሰውየው የታሰረው ደግሞ ኢቃማው ስላለፈ ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ እግድ ነው። በአገራችን በቀደመው ዘመን አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከጮኸ ባላጋራው እጁን ሰብስቦ ዳኛ ፊት መቆም ነበረበት፤ መጀመሪያ መቆም፣ ከዚያ መከራከር። በመጅሊሱ ሕግ ግን አቤቱታ ማስገባት ብቻውን አፈጻጸሙን አያስቆምም። እግዱ በዚያው አቤቱታ ላይ አብሮ መጠየቅ አለበት፤ ዳኛውም ሁለት ነገር ይመዝናል፤ ክርክሩ መሠረት ያለው መሆኑንና ውሳኔው ቢፈጸም የማይጠገን ጉዳት መኖሩን። ወደ አስመራ ወይም ስጋት ወዳለበት ሌላ አገር ለሚላክ ሰው ሁለተኛውን ማስረዳት አይከብድም። የሚከብደው ቀጠሮው ከበረራው እንዲቀድም ማድረጉ ነው። በጁን 2008 ግብጽ በጥቂት ቀናት ውስጥ እስከ 1,200 የሚደርሱ ኤርትራውያን ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ አገራቸው መመለሷን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘግቧል። ያን ያህል ሰው በዚያ ፍጥነት ሲጫን የትኛውም የዳኛ ቀጠሮ አይደርስም።

ይህ የግብጽ ብቻ ጣጣ አይደለም። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሕር ላይ ያገኘቻቸውን ስደተኞች በራሷ መርከብ ወደ ሊቢያ ስትመልስ 11 ሶማሊያውያንና 13 ኤርትራውያን ስትራስቡርግ ድረስ ከሰሷት። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2012 ሲፈርድ ጥፋቱ መመለሱ ብቻ እንዳልሆነ አስታወቀ፤ ሰዎቹ መባረሩን ሊያስቆም የሚችል አቤቱታ የሚያቀርቡበት መንገድ አልነበራቸውም። ፍርዱ ካይሮን አይገዛም፤ ምክንያቱን ግን አቤቱታችን ላይ መጻፍ እንችላለን።

አሁን ጨዋታው እየተቀየረ ነው። በዲሴምበር 2024 የጸደቀው ሕግ ቁጥር 164 የስደተኞችን ጉዳይ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ተጠሪ ለሆነ ቋሚ ኮሚቴ ሰጥቷል። ኮሚቴው በሕጋዊ መንገድ በገባ ሰው ላይ በስድስት ወር፣ ያለ ሕጋዊ መንገድ በገባ ሰው ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲወስን ይጠበቃል። ስደተኛ ተብሎ የታወቀን ሰው ለዜግነት አገሩ አሳልፎ መስጠት ተከልክሏል። ጥያቄው ውድቅ የሆነበትን ሰው ግን ኮሚቴው የሚመለከተው ሚኒስቴር እንዲያስወጣው ይጠይቃል። ብዙ ወገኖቻችን ሕጉን ፈርተውታል፤ ፍርሃታቸው ምክንያት አለው። ከሕግ ባለሙያ ወንበር ሲታይ ግን ከላይ ለጠየቅሁት «ማንን?» አሁን መልስ ተገኝቷል። ከልካዩም አስወጪውም መንግሥት ሲሆን የክልከላው ውሳኔ ራሱ የአስተዳደር ውሳኔ ይሆናል፤ በአንቀጽ 97 መሠረትም ዳኛ ሊያየው ይገባል።

እንግዲህ ወደፊት ይህን ሥርዓት የምመዝነው ስንት ሰው ተቀበለ በሚለው ብቻ አይሆንም። ክልከላው በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱና ከነቀኑ ለሰውየው ይደርሳል ወይ? በክልከላውና በማስወጣቱ መካከል እግድ ለመጠየቅ የሚበቃ ጊዜ አለ ወይ? የታሰረ ሰው ከእስር ቤት ሆኖ ጠበቃ መወከል ይችላል ወይ? በአገራችንም በራሳችን አቆጣጠር በ2012 የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የተቋማት ውሳኔ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲመረመር በር ሲከፍት እዚያ ያሉ ባልደረቦቼም ከዚሁ ፈተና ጋር ይገናኛሉ። ዳኛ የሚያርመው ውሳኔው ሳይፈጸም ከደረሰ ብቻ ነው።

እስከዚያው ድረስ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምለው ይኸው ነው። ታሪካችሁን ካፌ ለሚጽፍ ሰው አትስጡ፤ ቀናችሁን በራሳችሁ አቆጣጠር ተናገሩና ሁለቱም እንዲጻፍ ጠይቁ። የተሰጣችሁን ወረቀት ሁሉ ፎቶ አንሡና ከቤት ውጭ ላለ የምታምኑት ሰው ላኩ። ኢቃማችሁ ሳያልፍ ለአንድ ጠበቃ ውክልና ስጡ፤ ከተያዛችሁ በኋላ ይህን ማድረግ እጅግ ይከብዳልና።